«እምነት» በሙቀት ክፍል

ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን ቤተሰቦች ለሚያጽናኑ የሃይማኖት አባቶች፣ ለነርሶችና ለወላጆች በሐኪም ከተሰጠ ንግግር የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ሼኾች፣ የወንጌል አገልጋዮች፣ ሲስተሮች፣ እናቶችና አባቶች፤

ከስም ልጀምር። ሙቀት ክፍል ውስጥ ማሞቂያው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የሕፃኑ ስም የለባትም። «የእገሊት ልጅ» ትላለች። ከሥር የተወለደበት ቀንና ሰዓት፣ ፆታው፣ ክብደቱ በግራም ይከተላል። መንታ ከሆኑ 1 እና 2 ተብሎ ይጨመራል። ያው ሕፃን ለጸሎት ሲታሰብም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ገና አልተጠመቀምና የክርስትና ስም የለውም፤ አባትየው ለንስሐ አባታቸው የሚነግረው የእናቲቱን የክርስትና ስም ነው። የሆስፒታሉ ካርድም የቄሱ ጸሎትም ሕፃኑን በእናቱ ይጠሩታል ማለት ነው።

ችግሩ ያቺው እናት በዚያ ሰሞን ከጸሎት ቦታዋ የራቀች መሆኗ ነው። ኦርቶዶክሳዊት ከሆነች ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን እስኪሞላት ቤተ መቅደስ አትገባም። ሙስሊም ከሆነች በኒፋስ (በወሊድ ደም ጊዜ) ላይ ስላለች ሰላት አትሰግድም፤ ዱዓና ዚክር ግን አልተከለከለችም። በደህና ጊዜ ለወለደች አራስ ይህ ዕረፍት ነው። ልጇ በሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ መተንፈስን በሚያግዝ መሣሪያ) ለሚተነፍስላት እናት ግን ሰው ከምንም ጊዜ ይልቅ መጸለይ በሚፈልግበት ሰዓት በሩ የተዘጋ ይመስላታል። እንግዲህ እምነቷን ከምትደርስበት ከማምጣት ሌላ መንገድ የለም፤ የምትደርስበት ቦታ ደግሞ ሙቀት ክፍል ነው። ሙቀት ክፍልም የራሱ ሕግ አለው።

በዚህ ክፍል ሃይማኖትና ሕክምና የሚጋጩት በአምላክ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የሚጋጩት በውኃ፣ በክር፣ በዘይት፣ በአመድ፣ በምግብና በቀን አቆጣጠር ነው። እነዚህ ሁሉ በእጅ የሚያዙ ወይም በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ በንግግር የሚፈቱ ናቸው። ጸሎቱን ማንም ከልክሎ አያውቅም።

በመጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። ሐኪሙ የሚቆጥረው እናቲቱ የመጨረሻውን የወር አበባ ካየችበት ቀን አንሥቶ ነው፤ ሙሉ ጊዜ 40 ሳምንት ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ያለ ቀኑ የተወለደ ነው፤ ከ32 በታች በጣም ቀድሞ የመጣ፣ ከ28 በታች እጅግ ቀድሞ የመጣ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው ከልደቱ ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ወንድ ልጅ አርባው ሲሞላ ገና የ33 ሳምንት ከ5 ቀን ፅንስ በሚሆንበት ዕድሜ ላይ ነው። የመወለጃ ቀኑ ሊደርስ ከስድስት ሳምንት በላይ ይቀረዋል፤ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማስተባበር ገና እየተማረ ነው። ሴት ከሆነች ሰማንያዋ ሲሞላ 39 ሳምንት ከ3 ቀን ላይ ትደርሳለች፤ እሷ እንኳ ቀኗ አልሞላም። ስለዚህ «አርባው አለፈ» ብሎ መጨነቅ ከሁለት የተለያዩ ቀመሮች የሚመጣ ጭንቀት ነው። ሕመም ያዘገየው ጥምቀት ጥፋት እንዳልሆነ ከሐኪም አፍ ሳይሆን ከካህን አፍ ቢሰማ ቤተሰቡን ያሳርፋል። አባቶች፣ እንዲጠይቋችሁ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ ቀን ካነሣን፣ «የሰባት ወር ልጅ ይኖራል፣ የስምንት ወር ግን አይኖርም» ሲባል ይሰማል። ስሕተት ነው። በማኅፀን የምታልፍ እያንዳንዷ ሳምንት ሳንባን ታጠነክራለች፤ የስምንት ወሩ ልጅ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ይህን አባባል ይዛ ተስፋ የቆረጠች እናት ወተቷን ማለብ ታቆማለች፤ ጉዳቱ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ።

አማርኛችን ለአንድ ቃል ሁለት ነገር አሸክሞታል። እምነት ማለት ማመን ነው፤ እምነት ማለት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው፣ ግንባር ላይ የሚቀባው አመድ ወይም አፈር ነው። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይመጣል። እናቲቱ ቋጠሮውን ትፈታና በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ በማሞቂያው መስኮት ታስገባለች። ማንም ሳያያት በሁለት ሰከንድ ያልቃል። የ1,200 ግራም ሕፃን ቆዳ ግን እንደ እኛ ቆዳ አይደለም። የላይኛው ሽፋን ገና በደንብ አልተሠራም፤ ፕላስተር ሲነሣ አብሮ ይላጣል። በአፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ከሁሉ የሚከፋው እትብት ላይ ሲደረግ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እምነቱ የእናቲቱ ግንባር ላይ ይቀባ፣ ከዚያ እጇን ትታጠብ። ቋጠሮውም ከነነጠላው ውጭ ይቀመጥ።

ጸበል ብዙ ጊዜ በሃይላንድ ይመጣል። ከየት ተቀዳ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ጠርሙሱ ከዚያ በፊት ምን ነበረበት፣ የሚመልስ የለም። ስለ ጸበሉ ቅድስና የሚከራከር ሐኪም የለም፤ የምንጭ ውኃ ግን ተሕዋስያን አሉበት፤ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን አንጀት ደግሞ ከእናት ወተት በቀር ሌላ ነገር የሚችል አይደለም። መጠኑንም አስቡት። 5 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለ1,200 ግራም ሕፃን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሩብ ሊትር እንደ መጠጣቱ ነው። «አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል» ለሚሉ ይህን ስሌት መንገር ከቁጣ ይሻላል። በቱቦ የሚመገብ ሕፃን አፍ ውስጥ የገባ ፈሳሽ ደግሞ ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። እናቲቱ ትጠመቀው፣ ፊቷን ትቀባው፤ ጠርሙሱ ከክፍሉ ውጭ በስሟ ይቀመጥላት። ሲስተሮች፣ ጠርሙሱን ነጥቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ያን ቀን የተጣለ ጸበል በማግስቱ ማንም በማያይበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ተደብቆ ይገባል።

ማተብ አንገት ላይ ሲታሰር የሲፓፑን ማሰሪያና የምግብ ቱቦውን ይይዛል፤ በላብና በወተት ይረጥባል፤ ሕፃኑ ሲያብጥ ደግሞ ይጠብቃል። ክታብም እንዲሁ። በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ከማሞቂያው ውጭ፣ በእግር በኩል ይለጠፍ። ሥዕለ አድኅኖ ላሚኔት ከተደረገ በ70 ከመቶ አልኮል ይጠረጋል፤ ከራስጌ ሳይሆን ከግርጌ ይቀመጥ፤ ነርሷ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ ማየት አለባትና። የካህኑ የእጅ መስቀል በቀን ስንት ሰው እንደሚሳለመው እናንተው ታውቃላችሁ፤ በመስታወቱ ላይ ይባርኩ፣ ሕፃኑን አይንካ። ጧፍና ዕጣን ኦክስጅን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይገቡም፤ ምክንያቱ እሳት ነው። የሚቀባ ዘይትም ኦክስጅን በሚገባበት አፍንጫ አካባቢ አይደረግ። ርግብግቢት ላይ የሚደረግ ቅቤና ለጨቅላ የሚላስ ቅቤ ከሃይማኖት ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው፤ ግን ከአያት ጋር አብሮ ይመጣልና እዚሁ ላንሣው፤ እሱም አይሆንም።

ለሙስሊም ቤተሰብ አዛን ማለት አይከለከልም። አባትየው እጁን ታጥቦ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ በሹክሹክታ በቀኝ ጆሮው ይበል። ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚመከረው የድምፅ ጣሪያ 45 ዴሲቤል ነው፤ ይህ ከተራ ወሬ ድምፅ ያነሰ ነው። ማሞቂያውን በጣት ማንኳኳት እንኳ ውስጥ ላለው ሕፃን እንደ ነጋሪት ይሰማዋል። በታኘከ ተምር ላንቃውን ማሸት፣ ተሕኒክ፣ ግን ሕፃኑ በአፉ እስኪመገብ ይቆይ። ስለ ሕፃኑ የሚታረደው አቂቃ በሰባተኛው ቀን ባይሆን በ14ኛው ወይም በ21ኛው እንደሚቻል ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ ልጁን ከማሞቂያ አውጥቶ ፀጉሩን ለመላጨት የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የወንጌላውያን ወገኖች ችግር ዕቃ ሳይሆን ብዛት ነው። እጅ ለመጫን አምስት ሰው ከመጣ አምስቱም መስኮቱ ውስጥ እጃቸውን ማስገባት ይፈልጋሉ፤ መስኮቶቹ ሁለቱም ለጥቂት ደቂቃ ሲከፈቱ የሕፃኑ ሙቀት ይወርዳል። መኖር ያለበት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። አንድ ሰው ገብቶ ሌሎቹ ኮሪደር ላይ ይጸልዩ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ «ተፈውሷል» ተብሎ ሲታወጅና ቤተሰቡ ኦክስጅኑ እንዲነሣ ሲጠይቅ። የተፈወሰ ልጅ ኦክስጅኑ ሲቀነስለት ሞኒተሩ ላይ ይታያል። ሐኪሙ ራሱ ደስ እያለው ይቀንሰዋል፤ በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን (ሳቹሬሽን) ከመቶ 95 በላይ ሲቆይ ዓይኑን እንዳይጎዳው ብሎ ነው የሚቀንሰው። ማንም ለምኖ እስኪያስነሣው አይጠብቅም።

የሚገቡ አባቶች ሁሉ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ይሰብስቡ፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ በሳሙና ይታጠቡ፤ አባታችን ሆይን ረጋ ብሎ ለመድገም የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ማለት ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቅር ወይም በአልኮል ይጠረግ። የመምጫ ሰዓታቸውን ሲስተሯን ጠይቀው ከምግብ ሰዓት ጋር ያገጣጥሙት፤ ሕፃኑ ያኔ መነካቱ ስለማይቀር ለጸሎት ተብሎ ዳግም ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም።

ይህ ሁሉ «አይቻልም» ከሆነ እናቲቱ የት ትጸልይ? መልሱ ደረቷ ላይ ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ከኮሎምቢያ፣ ከቦጎታ የመጣ ዘዴ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሞቂያ ያጠራቸው ሐኪሞች የጀመሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ወዲህ ያለ ቀናቸው ለተወለዱ ወይም ክብደታቸው ላነሰ ሕፃናት ሁሉ ከተወለዱ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። በ2021 የታተመው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ የተደረገው ጥናት ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም የሚመዝኑትን ሕፃናት ተከታትሎ፣ ወዲያው ከእናት ደረት ጋር የተያያዙት ሞት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ይለብሳል። በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል፤ አንገቱ ከታጠፈ ትንፋሹ ይቋረጣል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፋሉ። ከዚያ በሚለጠጥ ጨርቅ ወይም በነጠላ ይታሰራል፤ የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይደርሳል፣ ቋጠሮው ደረቱ ላይ እንዳያርፍ። እናቲቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ትቀመጣለች። ከአንድ ሰዓት ያነሰ አይሁን፤ ማውጣትና መመለሱ ራሱ ሕፃኑን ያደክመዋል።

በቀን 8 ሰዓት የሚያስቀምጥ ሥራ ከጸሎት ሌላ ምን ይገጥመዋል? ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሠራ ነው፤ የዕለቱን ማድረስ ይቻላል። ዳዊት ይደገማል። ሙስሊሟ እናት ዚክር ታደርጋለች። በዝግታ የሚንቆረቆር የእናት ድምፅ፣ ከደረት ንዝረት ጋር፣ ሕፃኑ በማኅፀን የሚያውቀው ድምፅ ነው። ስግደት ግን ሕፃኑ ታስሮ አይሆንም። አባትም ደረቱን መስጠት ይችላል፤ እናቲቱ ስትተኛ እሱ ይተካት። ቤተ መቅደስ ወይም መስጊድ ገብቶ መውጣት የሚችለውም እሱ ስለሆነ መልእክት አድራሹ እሱ ነው።

ወደ ወተትና ጾም እንለፍ፤ እዚህ ላይ በርከት ያለ ጥፋት ይፈጸማል። «አራስ አትጾምም» የሚለውን ሁሉም ያውቃል። ግን አርባው ወይም ሰማንያው ሲሞላ አራስነቷ ያበቃል፣ ልጇ ግን ገና ሙቀት ክፍል ነው፤ እሷም ዐቢይ ጾም ከገባ ልትጾም ትነሣለች፤ እንዲያውም ስለ ልጇ ብላ አጥብቃ። እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ሳትጠጣ ትቆያለች። ወተት የሚመረተው ጡት በተደጋጋሚ ባዶ ሲሆን ነው፦ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። እናት ከደከመችና ውኃ ከጠማት ሌሊት የመነሣት አቅም ታጣለች፤ አንድ ሌሊት ሲዘለል ወተቱ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ «ጾሜ አልተቀበለኝም» ትላለች። የምታጠባ ሴት ከንስሐ አባቷ ፈቃድ እንደምታገኝ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሷ ግን ማለብ እንደ ማጥባት አይመስላትም። ጡቷን የያዘ ልጅ የለማ! ስለዚህ አባቶች፣ «ታጠቢያለሽ ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «በቀን ስንት ጊዜ ታልቢያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ለሙስሊሟም እንደዚሁ ነው፤ በረመዳን የምታጠባ እናት ማፍጠር ተፈቅዶላታል፣ የሚካካስበትን መንገድ ዑለማዎች ይነግሯታል።

መጠኑ ሲነገራት ትበረታለች። መጀመሪያ የሚወጣው እንገር ጥቂት ጠብታ ነው፤ ቢጫና ወፍራም ነው፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት እሱ ነው፤ አይጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑ በቱቦ የሚወስደው በአንድ ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ነው። ምግቡ ሲሞላለት የ1,200 ግራም ሕፃን በየሦስት ሰዓቱ ወደ 23 ሚሊ ይደርሳል። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ወተት ያጠራት እናት ጎረቤቷ አልጋ ካለችው እናት እንዳትወስድ፤ ወተት የኤች አይ ቪን ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። በእስልምና ደግሞ ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩና ጋብቻ ስለሚከለከል፣ ሳይነገር የተሰጠ ወተት ከሃያ ዓመት በኋላ ችግር ይዞ ይመጣል።

ሳንባ ለመክፈት የሚሰጠው ሰርፋክታንት የሚባለው መድኃኒትም ጥያቄ ያስነሣል። ኩሮሰርፍ የሚባለው ከአሳማ ሳንባ፣ ሰርቫንታ የሚባለው ከከብት ሳንባ የሚዘጋጅ ነው። የሚሰጠው በመተንፈሻ ቱቦ ሲሆን፣ የበለጠ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቤተሰቡ እያመነታ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ሕይወት ለማዳን ሲሆን የሚፈቀድ መሆኑን ሼኾችም ካህናትም ዛሬውኑ ተነጋግራችሁ ብትይዙት ይበጃል።

አሁን በጣም ወደምፈልገው ነገር፣ ሕፃኑ የሚሄድበት መንገድ ከቤተሰቡ እምነት ጋር ወደሚጋጭበት ቦታ ልምጣ። ቤተሰብ ልጁ ከተወለደ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየተሻለው እንዲሄድ ይጠብቃል። ሰውነቱ የሚሄደው ግን በሌላ መንገድ ነው። የሳንባው ችግር በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ይብሳል፣ ከዚያ ይቀላል። ክብደቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከመቶ 10 ያህል፣ አንዳንዴም 15 ይቀንሳል፤ 1,200 የነበረው 1,080 ይሆናል። የተወለደበትን ክብደት የሚመልሰው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቀን ወደ 18 ግራም ይጨምራል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል፤ አንጎሉ ገና መተንፈስን ስላልለመደ ነው፤ እግሩን ነካ ሲያደርጉት ይመለሳል። ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከክፍሉ የሚመጣ ኢንፌክሽን ያሰጋል።

ይህ ያልተነገራት እናት አምስተኛው ቀን ላይ ሚዛኑን ታያለች፤ ቀንሷል። ማን ገብቶ አየው? የማን ዓይን ነው? የትኛው ኃጢአቴ ነው? የስለቱ ጉድለት ነው? ለሕክምናው ግን ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ይቀንሳል፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል» ቢባል ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር። ሐኪሞችም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን አናምልጥ፤ ያንን ከእኛ ይልቅ አባቶች በደንብ ይሉታል። ከእኛ የሚጠበቀው አምስት ነገር ነው፦ ዛሬ ስንት ግራም ነው፣ ስንት ሚሊ ወሰደ፣ ኦክስጅኑ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ስንት ጊዜ ትንፋሹን አቆመ፣ ሙቀቱ ስንት ነው። ቤተሰቡ በየቀኑ እነዚህን ይጠይቅ። ቄሱም ሲደወልላቸው እነዚህን ቢጠይቁ ከ«እንዴት አደረ?» የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ኃጢአት ላይ ጥቂት ልጨምር። ልጅ ያለ ቀኑ የሚመጣው በእናት የደም ግፊት፣ በኢንፌክሽን፣ በመንታ እርግዝና፣ የእንሽርት ውኃ ቀድሞ በመፍሰሱ፣ የማኅፀን አፍ በመላላቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አይታወቅም። ምክንያቱ ያልታወቀውን ቦታ እናት በራሷ ጥፋት ትሞላዋለች። ከባድ ዕቃ አንሥቼ፣ ጸልዬ ሳልወጣ፣ ከአማቴ ጋር ተጣልቼ። ንስሐ የምትሻ ከሆነ ንስሐ ትግባ፤ ግን ልጁ ሙቀት ክፍል የገባበትን ምክንያት ከንስሐዋ ጋር አታያይዙባት።

ጠያቂዎችም አፋቸው ይያዛል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ይፈራሉ። ለምን? እናቲቱ ከምጥ ወጥታለች፤ ተምራለች፤ ይባልላት። ለልጁ «ያሳድግልሽ»፣ «ይማርልሽ»፣ «አላህ ያሽርልሽ» ይባላል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የለቅሶ ቃል ነው፤ ሕፃኑ እየተነፈሰ አይባልም። «ሌላ ትወልጃለሽ» ደግሞ በምንም ሁኔታ።

አስቸኳይ ጥምቀት። ፍትሐ ነገሥት 40ና 80ን ሲያዝ፣ ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋው ከሆነ ቀኑ ሳይጠበቅ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። ሳይጠመቅ የሞተ ልጅ ፍትሐት ስለማይደረግለት፣ ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ልጁን ከኦክስጅን ነቅለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣሉ፤ መንገድ ላይ ያልፋል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ካህኑ ይምጡ። ሕፃኑ በገባበት ቀን የንስሐ አባትና የአንድ ምትክ ካህን ስልክ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ መፈለግ የለም። ሃይማኖቱም በትክክል ይጻፍ። ካቶሊክ ከሆነ ለሞት በሚያሰጋ ጊዜ ማንኛውም ሰው፣ ነርሷም ጭምር፣ ማጥመቅ ትችላለች። «ጴንጤ ናቸው» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል አያጠምቁም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የሆስፒታሉ ቄስ የሌላ ቤተ እምነት ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን ካህን ስልክ ቀድማችሁ ለነርሷ ስጡ።

ዝግጅቱ፦ 20 ሚሊ ያህል የተጣራ ንጹሕ ውኃ በትንሽ ኩባያ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ ሞቆ፤ ካህኑ እዚያው ይባርኩታል። ሕፃኑ ከማሞቂያው አይወጣም። የደረቀ ፋሻ ነርሷ እጅ ላይ ዝግጁ ይሆናል። ካህኑ እንዴት እንደሚፈጽሙት የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ የምንለምነው ውኃው ጥቂት እንዲሆን፣ ከሲፓፑ ቱቦ፣ ከፕላስተሩና ከእትብቱ እንዲርቅ ነው። ወዲያው ይደርቃል፣ ኮፍያው ይመለሳል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሙቀቱ ይለካል። ሜሮን ሲቀባ በንጹሕ ጥጥ ጫፍ። በአፍ ምንም እንዳይሰጠው የታዘዘ ሕፃንን ማቁረብ ከሐኪሙ ጋር ተመክሮበት ብቻ ነው።

ከሞተስ? ቱቦዎቹ ይነቀሉ፣ ለእናቱ ይሰጣት፣ ትያዘው። ሙስሊም ከሆነ በሕይወት ተወልዷልና ስም ይወጣለታል፣ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል። ለሁሉም እናቶች ግን አንድ ነገር ይነገራቸው፣ ማንም አይነግራቸውምና፦ ወተቱ ይመጣል። ከቀብር ተመልሳ ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ ጡቷ ይወጠራል፣ ቀሚሷ ይረጥባል። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሲያስጨንቃት ብቻ ጥቂት ማለብ፤ ሙሉ በሙሉ ከታለበ እንደገና ይሞላል። ትኩሳት ካላት ወይም ጡቷ ከቀላ ሐኪም ጋ ትመለስ። ይህን የሚነግራት ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ሴት ብትሆን ይመረጣል።

ለተረፉት ደግሞ ክርስትናው አለ። ሕፃኑ በራሱ ሲጠባ፣ ክብደቱ በየቀኑ ሲጨምር፣ ትንፋሽ ማቆሙ ቀርቶ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ፣ ሙቀቱን በራሱ ሲይዝ ወደ ቤት ይሄዳል። 2 ኪሎ ያልሞላ ልጅ ግን ሙሉ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ውኃ አይነካ። ቁልቢ ገብርኤል የተሳሉም አሉ፤ ታኅሣሥ 19 ከሆነ ሐምሌ 19 ሩቅ አይደለም፣ ሕዝቡና መንገዱ ለአሁኑ አይሆኑም። በአጥቢያው ሲጠመቅ ካህኑ ውኃውን ለብ እንዲያስደርጉና ልጁን ከሰልፉ መጀመሪያ እንዲያስቀድሙት አስቀድሞ ይለመኑ። «ሳይጠባ ይቁረብ» ከተባለ የሚቆይበት ሰዓት ከካህኑም ከሐኪሙም ጋር ይወሰን፤ በየሦስት ሰዓቱ የሚመገብ ልጅ ሲቆይ የደሙ ስኳር ይወርዳል። እናቲቱ ደረቷ ላይ አስራው ትሂድ፤ ሦስት ደረቅ ፎጣ ትያዝ፣ ሁለት አይበቁም። ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርቀው ጭንቅላቱ ነው፤ ኮፍያው ከልብሱ በፊት ይደረግለት።